የጀልባዋ መስመር

በፖርቱጋል ደቡብ ጫፍ፣ በኦልያው ወደብ፣ ከሰርዲን ፋብሪካው ሰገነት፣
እኔ ማስመሪያ፣ እሷ እርሳስ ይዛ፣ አመሸን በጥር አንድ ሌሊት።

ፌሊስቤላ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰቅላ፣
የዓመቱን ደረሰኝ ሁሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ቆልላ፣
«እዚህ ቤት» አለችኝ «ገንዘብ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
በአፍንጫ አይለይም ልጄ፤ ከየት መጣህ ሲሉት ግን ያወራል።

ሦስት ቦታ አስምሪ» አለች። «የላይኛው የሥራ ነው፦
ማርሴይ የወሰደችው ጣሳ፣ ሃምቡርግ ከፍሎ የጨረሰው።
ከዚያ ላይ ይቀነሳል ጨው፣ ዘይት፣ የማብሰያው እሳት፣
ያልገባ ትንሽ ነገር የለም፣ የድመቷ እንኳ ራት፤
የዓሣ ራስ የሚቀነጥሱ የሰማንያ ሴቶች ምንዳ፣
ሽታው ከጣት እንዲለቅ የሚያሹት የሎሚ ዕዳ።

መካከለኛው የንብረት ነው፦ ዓመት ተሻግሮ የሚያገለግል፣
ማሽን፣ መሬት፣ ጀልባ፤ ሲገዛም ሲሸጥም እዚያ ይውላል።
የታችኛው የሰው ገንዘብ፦ ባንክ ያበደረው፣ ወንድም ያዋጣው፣
በፊርማ ገብቶ በፊርማ የሚወጣው።»

«ወለዱስ?» አልኋት። ሳቀች። «ወለድ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤
ከላይም ከታችም ወንበር አያጣ፤ ብቻ አንዴ ካስቀመጥሽው
ለከርሞ አታነሺው።»

«እርጅናውስ? የማሽኑ፣ ከትርፉ ላይ የቀነስነው?»
«ማርጀት ከካዝና አያወጣም፤ ለእርጅና በእጁ ማን ከፈለው?»
ጉልበቷን አሸት አድርጋ፣ መልሳ ደመረችው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አደሪቶ፣ የፋብሪካው ባለቤት፣
ኮቱ ላይ ዝናብ፣ ጫማው ላይ ቅርፊት።
«ሰኞ የባንኩ ሰው ይመጣል» አለ። «የላይኛው ድምር ቀይ ነው።
በጥቅምት የሸጥናትን ጀልባ፣ ዋጋዋን ከዓሣው ጋር ብትጽፊው?
ገንዘብ ገንዘብ ነው፣ ፌሊስቤላ፤ ድምሩ ያው አይደለም ወይ?»
ያው ነበር፣ እውነቱን ነው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ፣

ሳንታ ዶሮቴያ ታወሰችኝ፦ አፍንጫዋ ሰማያዊ፣ ጎኗ የተጣፈ።
የገዛት የአያሞንቴ ሰው፣ ገና ከወደብ ሳይወጣ፣
ስሟን ፍቆ ሌላ ጻፈ።

«ድምሩ ያው ነው» አለችው፣ እርሳሷን ሳታስቀምጥ፤
«ዓሣ ሸጦ የበላ ሰው ነገም ባሕሩ ላይ ይቀመጥ፤
ጀልባ ሸጦ ለበላ ግን፣ ባሕሩ አለ፣ መሄጃው የለም።
ይህን ከባንኩ ብሰውረው፣ ከአንተ መሰወር አይሆንም?»

አደሪቶ ዝም አለ። ዝናቡ ከኮቱ ጫፍ ይንጠባጠባል።
ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፤ አራት ቦታ ታጥፏል።
«ይህስ? የወርቅ ቤት ደረሰኝ ነው። የኅዳር ደመወዝ ሲጎድል፣
ግራሲንዳ ጉትቻዋን ሸጣ... ካዝናው ውስጥ ነው፤ ተቆጥሯል።»

ፌሊስቤላ ወረቀቱን ያዘችው፣ ረዘም ላለ ጊዜ።
ዓሣ አይደለም፤ ንብረት አይደለም። ሚስት ባለድርሻ አይደለች፤
ለፍቅር መስመር አላበጀም የሒሳብ ሰው፣ ለትካዜ።
«ይመለሳል ብላ ነው ወይስ?» ስትል ጠየቀችው። አላወቀም።
ሚስቱን አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም።

«ብድር ከሆነ እዚህ፣ መዋጮ ከሆነ ከሱ ሥር።
ሂድና ጠይቃት፣ አደሪቶ። ሰኞ አይደለም፤ አሁን፣ በእግር።»

ደረጃውን ሲወርድ ሰማነው፤ አንዱ ጣውላ ሁልጊዜ ይጮኻል።
ከመንገዱ ማዶ ያለው መስኮት፣ ጨለማ የነበረው፣ በርቷል።

እሷ ጀልባዋን መካከል ጻፈቻት፣ በቀለም፣ ሳትንቀጠቀጥ።
ጉትቻውን ከታች፣ በእርሳስ፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት።
ከዚያ ተነሥታ ሎሚ ቆረጠች፤ ጣቶቿን አሸች፣ ታጠበች፤
አሸተተቻቸው፣
ዳግመኛ ታጠበች።